የአሲድ ዝናብ ጅረቱን ምን ያደርገዋል? ትንበያው ሲስት መንስኤውና መፍትሄው

ችግር፦ ስሌቱ ጅረቱ አሲድ ይሆናል ይላል፤ ሲለካ ግን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው) ከ7 ንቅንቅ አይልም።

መንስኤ፦ የዝናቡን አሲድ በቀጥታ ከወንዙ ጋር ደምረውታል። ዝናብ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ያልፋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ሲፈራርስ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይለቃል፤ ውሃውም ባይካርቦኔት ይይዛል። አሲዱን የሚያከሽፈው ይኸው ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ ስላለ ማክሸፉ ይበረታል። ፒኤቹ 4 የሆነ ዝናብ በሊትር 0.1 ሚሊኢኩቫለንት (አሲድና አክሻፊው የሚነጻጸሩበት መለኪያ) አሲድ ይይዛል፤ አልካሊኒቲው፣ ማለትም አሲድ የማክሸፍ አቅሙ፣ 50 ሚሊግራም በሊትር የሆነ ጅረት ግን 1 ሚሊኢኩቫለንት ማክሸፍ ይችላል። አሥር እጥፍ!

መፍትሄ፦ ትንበያውን ከፒኤች ሳይሆን ከአልካሊኒቲ ይጀምሩ። 100 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ ጥንካሬው 0.02 ኖርማል የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ከቢዩሬት (ልኬት ካለው ማንጠባጠቢያ ቱቦ) እያንጠባጠቡና እያማሰሉ ፒኤቹን 4.5 ያድርሱ። ወደ 5 ሲጠጋ እጅዎ ይዘግይ፤ እዚያ ጥቂት ጠብታ ንባቡን ቁልቁል ይጥለዋል። የፈሰሰውን ሚሊ ሊትር በ10 ያባዙ፤ 5 ከፈሰሰ አልካሊኒቲው 50 ነው (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ)። ውጤቱ ከ20 በታች ከሆነ 1.6 ያህል ይቀንሱ፤ ውሃውን 4.5 ለማድረስ ብቻ የገባ ትርፍ አሲድ ነውና። ከዚያ በኋላ ከ2.5 በታች የሚቀረው ጅረት በእርግጥ ያሰጋል።

ችግር፦ ትንበያው "ምንም አይሆንም" ብሎ ሳለ ክረምት ላይ ፒኤቹ ወረደ።

መንስኤ፦ ናሙናው የበጋ ነው። በጥርና በየካቲት የሚፈሰው ድንጋይ ውስጥ የከረመ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሐምሌ ላይ ደራሽ ሲወርድ ግን አብዛኛው ውሃ በማሳውና በላይኛው አፈር ሮጦ ስለሚገባ አልካሊኒቲው ይሳሳል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየም ከአፈር እየሟሟ የዓሣን መተንፈሻ ያፍናል፤ ጥቂት ሰዓት የሚቆይ መውረድም ቢሆን አይናቅም።

መፍትሄ፦ ጎርፉ ሲነሳ ጀምሮ በየሰዓቱ ናሙና ይውሰዱ፤ ስሌቱንም በዝቅተኛው ይሥሩ። ገመድ በታሰረ ባልዲ ከድልድይ ላይ ይቅዱ እንጂ ውሃው ውስጥ አይግቡ።

ችግር፦ በበሬሳ ወንዝ ዳር ፒኤቹ 6.8 ያነበበው ናሙና ቤተ ሙከራ ሲደርስ 7.4 ሆነ።

መንስኤና መፍትሄ፦ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኖ ነው። መለኪያውን በ7 እና በ4 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ) አስተካክለው እዚያው ወንዙ ዳር ይለኩ። ለአልካሊኒቲ የሚወስዱትን ጠርሙስ አየር ሳይቀር ጢም አድርገው ሞልተው ይክደኑ።

ችግር፦ ዝናቡ ራሱ 5.6 አነበበ። ይህ የአሲድ ዝናብ አይደለም፤ ንጹህ ዝናብ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚይዘው ልክ ነው። 7 ካነበበ የመንገድ አቧራ ገብቶበታልና ዕቃውን በተጣራ ውሃ አጥበው፣ ዝናቡ ሲጀምር ብቻ ከፍተው እንደገና ያጠራቅሙ።