ደም ሥሩ ለማይገኝ ታካሚ፦ ነርሶችን በአልትራሳውንድ ካኑላ ማስገባት ማለማመድ

ካኑላ (በመርፌ ገብቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ለማስገባት ሦስት አራት ጊዜ ተወግቶ ደም ሥሩ ያልተገኘለት ታካሚ በየዋርዱ አለ። ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር የሚሠራው ትንሹ አልትራሳውንድ ለእንዲህ ያለው ይበጃል። ቬኑን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም ሥር) ማየት ቶሎ ይለመዳል፤ ጊዜ የሚፈጀው የመርፌውን ጫፍ አለመልቀቅ ነው።

ልምምዱ ታካሚ ላይ አይጀመር። ሁለት አጥንት አልባ የዶሮ ደረት ሥጋና በመካከላቸው በውሃ የተሞላ ቀጭን የመጫወቻ ፊኛ ይበቃል። አየር በመሃል ከቀረ ከሥሩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ሥጋው በአልትራሳውንድ ጄል ተለቅልቆ ይጋጠም። ጾም ሆኖ ዶሮ ከጠፋ ወፈር ተደርጎ የረጋ ጄላቲን ይሆናል።

ሊኒየር ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው፣ ፊቱ ቀጥ ያለ የአልትራሳውንዱ ክፍል) ይያዝ፤ የምስሉ ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የፕሮቡን አንድ ጠርዝ በጣት ነክቶ ስክሪኑ ላይ በዚያው ወገን መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ክንድ ላይ ቱርኒኬት (ቬኑ እንዲሞላ የሚታሰር ማሰሪያ) ታስሮ በፕሮቡ ቀስ ብለው ሲጫኑ ቬን ይጨፈለቃል፣ አርተሪ (ደም ከልብ የሚያወጣው ደም ሥር) ግን ይመታል። ጀማሪ እጁ ስለሚከብድ ቬኑን ራሱ ጨፍልቆ «የለም» ይላል።

ፕሮቡ ለቬኑ አግድም ሲያዝ መርፌው አንዲት ነጭ ነጥብ ነው። ጫፉም ግንዱም አንድ ዓይነት ነጥብ ስለሚሰጡ፣ ሠልጣኙ ነጥቧን ቬኑ ውስጥ አየሁ ሲል ጫፉ የኋላውን ግድግዳ በስቶ ሊሆን ይችላል። መርፌው ቆሞ፣ ነጥቧ እስክትጠፋ ፕሮቡ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይንሸራተት፤ ከዚያ ፕሮቡ ቆሞ፣ ነጥቧ ዳግም እስክትታይ መርፌው ይገፋ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይንቀሳቀሱ። ደም ሲታይም ዓይን ከስክሪኑ አይነሳ፤ ያን ጊዜ ቬኑ ውስጥ የገባው የብረቱ ጫፍ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። መርፌው ዝቅ ተደርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከገባ በኋላ ካኑላው ይንሸራተት።

የካኑላው ርዝመት ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ45 ዲግሪ ሲወጋ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወዳለ ቬን ለመድረስ 2.1 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነው ሮዝ ካኑላ ቬኑ ውስጥ የሚቀረው 1.1 ብቻ ነው፤ ክንድ ሲታጠፍ ሾልኮ ይወጣና ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ክንዱን ያሳብጣል። 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው አረንጓዴው ይሻላል፣ ወፈር ስለሚል ቬኑ ስፋቱ ከበቃው።

ታካሚ ላይ ሲደረስ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጄልና የፕሮብ ሽፋን ግድ ናቸው። የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ክፍል አርተሪና ነርቭ ስለሚጎራበቱበት ለጀማሪ አይሰጥ። በመጨረሻ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) በካኑላው እየተገፋ ፕሮቡ ከካኑላው ጫፍ በላይ ይቀመጥ፦ ቬኑ ውስጥ ነጭ ብልጭታ ካለፈ ገብቷል፤ ዙሪያው ያለው ሥጋ ካበጠ ይነቀል።