ለሙዚየም ቪዲዮ የምትሰሩ ሰዎች እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

የቅርስ ሙዚየም ቪዲዮ ከፍታችሁ ስንተኛው ሰከንድ ላይ ወጣችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ሎጎው ሲሽከረከር ነው የምወጣው። ሎጎ፣ ከዛ ሕንፃው በድሮን፣ ከዛ «ሙዚየማችን የተመሰረተው...» የሚል ወፍራም ድምፅ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዩትዩብ ላይ የሚታለፍ ማስታወቂያ የሚሰጣችሁ 5 ሰከንድ ነው፣ ከዛ በኋላ የሰውየው ጣት «እለፍ» የምትለዋ ላይ ናት። በዕቃው ጀምሩ በቃ። ለምሳሌ አንድ አሮጌ የእንጨት ማማሰያ አስቡ፣ ጫፉ በአንድ ጎን ብቻ ተበልቶ ያለቀ። ካሜራው ያቺ የተበላችው ጎን ላይ ተጠግቶ ይቁም፣ አንድ ሰው «ይሄ ለምን በአንድ ጎኑ ብቻ አለቀ?» ይበል፣ ከዛ ማማሰያ የያዘ እጅ የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ አሳዩ። ሰው የሚቆየው መልሱን ለመስማት ነው፣ የምስረታ ዓመቱን በኋላ ትነግሩታላችሁ።

ሁለተኛው ሰው የሌለበት ቪዲዮ ነው። ባዶ አዳራሽ፣ መስታወት፣ ከኋላ የፒያኖ ሙዚቃ፣ አለቀ። እንግሊዝ ውስጥ ኦድሊ ኤንድ የሚባል ትልቅ የድሮ ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ኤቪስ ክሮኮምብ የምትባል ወጥ ሰሪ ነበረችው፣ በእጇ የጻፈችው የምግብ አሰራር ደብተርም ተገኝቷል። ቤቱን የሚያስተዳድረው የቅርስ ድርጅት ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ምን አደረገ፣ አንዲት ተዋናይ እሷን ሆና ኮስተር ብላ እንድታበስል አደረገና ዩትዩብ ላይ ሚሊዮኖች አዩት። እኔ ከሁሉም የወደድኩለት ግን ቀረጻው እዛው ወጥ ቤት መሆኑ ነው፣ መጥታችሁ የምትቆሙበት ክፍል እሱ ነው ማለት ነው። መጋዘን የተቆለፈበትን ዕቃ አሳይታችሁ ሰው ሲመጣ ካላገኘው እኮ ተቀይሞ ነው የሚሄደው።

ሁሉንም በአንድ ቪዲዮ ማጨቅም አለ። አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም ከ10 ዓመት እድሳት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከፈት፣ ሬምብራንት በ1642 በሳለው «የሌሊት ጥበቃ» ሥዕል ላይ ያሉትን ሰዎች መስለው የለበሱ ተዋንያን ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሌባ ሲያሳድዱ ቆይተው መጨረሻ ላይ ልክ እንደ ሥዕሉ ተደርድረው ቆሙ፣ ፍሬምም ወረደባቸው። መልእክቱ አንድ ነው፣ ተመልሰናል። ስለ ካፌው፣ ስለ ፓርኪንጉ ምናምን የለም።

መብራት ደሞ። ጨርቅ፣ ብራና፣ የውሃ ቀለም ሥዕል 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚፈቀድላቸው፣ እናንተ የቀረጻ መብራት አቅርባችሁ ሰዓት ሙሉ ስትተኩሱበት የለቀቀው ቀለም አይመለስም። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያውን ሳትጠሩ አትቅረጹ!

ቪዲዮው ላይ የሚነገረውን በጽሑፍም አስገቡበት፣ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው። ሙዚቃም ዝም ብላችሁ አትለጥፉ፣ ቅርሱ የሺህ ዓመት ይሁን እንጂ ዘፈኑ ባለቤት አለው።

የመጨረሻው፣ በቪው መስከር። 100 ሺህ ቪው አግኝታችሁ ግማሹ ሌላ አህጉር ያለ ሰው ከሆነ በር ላይ ማን ይመጣል? ማስታወቂያ ስትከፍሉ በጥቂት ሰዓት መንገድ ሊደርስ የሚችል ሰው ጋ ብቻ እንዲታይ ገድቡት። ትኬት መቁረጫው ጋ ደብተር አስቀምጡና «የት አይታችሁን መጣችሁ?» እያላችሁ መዝግቡ፣ እሱንም ከዘመቻው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ፣ ካልሆነ ምኑን ከምን ልታወዳድሩት ነው።