የተለገሰ ሳንባ ማሽን ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ባዮሜዲካል ምህንድስና ለምትማሩ ልጆች ነው የምጽፈው። ማሽኑ ጅማ የለም። ቢሆንም አካሎቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ ቬንቲሌተር (ማስተንፈሻ)፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ፊልተር፣ የግፊት ሴንሰር። ከለጋሽ የወጣውን ሳንባ ከሰውነት ውጭ ያሞቀዋል፣ ያስተነፍሰዋል፣ ፈሳሽ ያዘዋውርበታል። ከዚያ ሐኪሙ ይተከል አይተከል ብሎ ይወስናል።

ስዊድን ሉንድ ውስጥ ስቲግ ስቴን በዚህ መንገድ የተፈተሸ ሳንባ ለሰው የተከለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የቶሮንቶዎቹ ማርሴሎ ሳይፐልና ሻፍ ኬሻቭጂ ደግሞ ሳንባውን ማሽን ላይ ለሰዓታት የሚያቆይ ዘዴ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ23 ለጋሾች ከመጡ አጠራጣሪ ሳንባዎች የ20ው ለመተከል በቅቷል። ስለዚህ አንድ ንባብ በተበላሸ ቁጥር ሳንባውን ለመጣል መቸኮል አይገባም። በአንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ ሰው ያስከፍላል።

የኦክስጅን ንባቡ ዝቅ ሲል

ሳንባው ለ5 ደቂቃ ያህል 100 በመቶ ኦክስጅን ይሰጠዋል። ከዚያ ከሳንባው የሚወጣው ፈሳሽ የያዘው የኦክስጅን ግፊት ይለካል። ብዙ ማዕከላት ቢያንስ 350 ወይም 400 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይፈልጋሉ።

ካነሰ መጀመሪያ ማሽኑን ጠርጥሩ። ኦክስጅኑ በትክክል እየደረሰ ነው? የናሙናው መርፌ ውስጥ አየር ገብቷል? ሳንባው ገና አልሞቀም ይሆን? እነዚህ ደህና ከሆኑ፣ በበረዶ የቆየ ሳንባ አንዳንድ ክፍሉ አየር አጥቶ ሊጨማደድ ይችላል። መፍትሄው ሳንባውን ቀስ አድርጎ ነፍቶ ለአፍታ መያዝ ነው፤ ግፊቱ ግን ከ25 ሴንቲሜትር ውሃ እንዳያልፍ። የአየር ቱቦው አክታ ካለበት በብሮንኮስኮፕ (ወደ አየር ቱቦ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይመጠጣል።

ለእኛ ለጅማዎች ደግሞ ሌላ መንስኤ አለ፤ እሱም ከፍታችን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 760 ነው። አስሉት፦ ከግፊቱ ላይ 47 ለውሃ ተን፣ 40 ያህል ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሱ። ባሕር ዳርቻ 673 ይቀራል፣ ጅማ 533። ንጹህ ኦክስጅን ብትሰጡም እንኳ ጅማ ያለ ሳንባ ከዚህ ጣሪያ አያልፍም። ለባሕር ዳርቻ የወጣውን 400 እንዳለ ብናመጣው ደህናውን ሳንባ እንጥላለን። በ620 አባዝታችሁ ለ760 ብታካፍሉት 326 ገደማ ይሆናል። ለጽኑ ሕሙማን የሳንባ ጉዳት ምደባም ከ1,000 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ማስተካከያ እንዲደረግ ይመከራል። ይህን ነገር ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ በደማቁ ጻፉት፤ ነገ ማሽኑ ሲመጣ ከውጭ የተቀዳው መመሪያ ላይነግራችሁ ይችላል።

ኦክስጅኑ ጥሩ ሆኖ ሳንባው ሲደድር

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሚያዘናጋ ነው። ቬንቲሌተሩ ያንኑ መጠን አየር ለማስገባት የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። የኦክስጅን ቁጥሩ ግን ያምራል።

የቶሮንቶው ፈሳሽ ቀይ የደም ሕዋስ የለውም። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ስለሌለ ኦክስጅኑ በፈሳሹ ሟሙቶ ብቻ ነው የሚጓዘው። በደም ቢሆን ኖሮ ከተጎዳው ክፍል የሚመጣው ኦክስጅን ያነሰው ደም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ግፊቱን ዘጭ ያደርገው ነበር። እዚህ ግን ጥቂት ብቻ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ውሃ የቋጠረ ሳንባ መጀመሪያ የሚናገረው በመለጠጥ አቅሙ ነው፤ ኦክስጅኑ ዘግይቶ ይወርዳል።

መፍትሄው የየሰዓቱን ንባብ ጎን ለጎን ጽፎ አካሄዱን ማየት ነው። ሳንባውን በእጅ ዳስሱት። ቱቦው ውስጥ አረፋማ ፈሳሽ መኖሩን እዩ። የአየሩ መጠን ለለጋሹ ክብደት በኪሎ 7 ሚሊሊትር፣ ትንፋሹ በደቂቃ 7፣ አየር ሲወጣም ሳንባው ውስጥ የሚቀረው ግፊት 5 ሴንቲሜትር ውሃ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድድርናው ከቀጠለ ሳንባው አይተከልም።

ወደ ሳንባው የሚገባው ፈሳሽ ግፊት ሲጨምር

ሴንሰሩ ከሳንባው ከፍታ ጋር እኩል መሆኑንና ዜሮ መደረጉን እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተጠማዝዞ እንደሆነ። የፈሳሹ ፍሰት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚያድገው፤ ጣሪያውም የለጋሹ ልብ በደቂቃ ከሚረጨው 40 በመቶ ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ቀንሱ። የረጋ ደምም ሊዘጋው ይችላል። ለዚህ ነው ሳንባው ገና ሲወጣ በደም መልሶች በኩል ወደ ኋላ የሚታጠበው።

ፈሳሹ ሲጎድል

ቱቦውና ሳንባው የተያያዙበትን ስፌት ተመልከቱ። የሚያንጠባጥብ ካልተገኘ ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ድድርናው ክፍል ተመለሱ። በየሰዓቱ የሚቀየረውን የፈሳሽ መጠን መዝግቡ፣ አለዚያ ሂሳቡ ይምታታል።

መብራት ሲሄድ

ፓምፑ በባትሪ ቢቀጥልም ማሞቂያው ብዙ ኃይል ስለሚበላ ሊቆም ይችላል፤ ፈሳሹም ይበርዳል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለቱንም የሚሸከም መጠባበቂያ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የቶሮንቶው ዘዴ ማስተንፈስ የሚጀምረው ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የሙቀት ሴንሰሩን አትልቀቁ።

ኃይሉ የማይመለስ ከሆነ ሳንባውን አቀዝቅዞ፣ በኦክስጅን እንደተነፋ ዘግቶ ወደ ቀዝቃዛ ማቆያ መመለስ ይሻላል። በተለመደው የበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው የሚታሰበው። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ግን 10 ዲግሪ ለሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ ለማይቶኮንድሪያ፣ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። 10 ዲግሪን ደግሞ በረዶ አይጠብቅም። ሙቀቱን ሳያወዛውዝ የሚይዝ ማቀዝቀዣ፣ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ቴርሞሜትርና በሩ ሲከፈት የሚጮህ ማንቂያ ያስፈልጋል። እነዚህን ደግሞ እናንተው ወርክሾፕ ውስጥ ልትገጣጥሟቸው ትችላላችሁ።