ናምሩድን በባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ እንዴት እንጫወት?

ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ፣ ቤቴ እየመጡ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ የጀመሩት ከመዝሙር ነው። ኮርድ በጆሯቸው ይይዛሉ፤ ዘማሪው ድንገት ኪ (መዝሙሩ የቆመበትን መነሻ ድምፅ) ቢቀይር አይደናገሩም። ኖታ ማንበብ ጀምረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ግን «ከበድ ያለ ነገር ይስጡን» ይሉኛል። የምሰጣቸው የእንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ የኤድዋርድ ኤልጋርን «ናምሩድ» ነው፣ ለመካከለኛ ተጫዋች የተቀናበረውን።

መጀመሪያ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፤ አጨዋወቱን ይወስነዋልና። ኤልጋር «ኤኒግማ ቫሪየሽንስ» የተባለውን የኦርኬስትራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያወጣ፣ ክፍሎቹን በወዳጆቹ መልክ ነበር የሣላቸው። ዘጠነኛው ለንደን ውስጥ በሙዚቃ አሳታሚ ቤት ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጁ አውጉስት ዬገር ነው። ዬገር በጀርመንኛ አዳኝ ማለት ነው፤ ኤልጋርም ከዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ኃያሉን አዳኝ ናምሩድን አምጥቶ ስም አደረገለት። ኤልጋር ተስፋ ቆርጦ ሙዚቃውን ሊተው ባለበት ጊዜ፣ ይህ ሰው የቤትሆቨንን መከራ እያነሣ አበረታው። ዛሬ እንግሊዞች በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለጦር ሜዳ ሙታኖቻቸው መታሰቢያ ስለሚያሰሙት ብዙ ሰው የለቅሶ ዜማ ይመስለዋል። እኔ ግን «አይዞህ» ነው እላለሁ። የለቅሶ አድርጎ የሚጫወት ይጎትተዋል፤ አይዞህ የሚል ግን ወደፊት ይራመዳል።

ቅንብር ስትመርጡ ኪውን እዩ። የመጀመሪያው ኢ ፍላት ሜጀር ነው፤ ሦስት ፍላት አለው፦ ቢ፣ ኢ እና ኤ። ለማቅለል ወደ ሲ ሜጀር ያወረዱት ቅንብሮች አሉ፤ አልወዳቸውም። ጥቁሮቹ ቁልፎች ከረጅሞቹ ጣቶች ሥር ስለሚውሉ እጅ በኢ ፍላት ይደላደላል። ኪውን በራሱ የሚቀይረውን የትራንስፖዝ ቁልፍም እርሱት።

ኢ ፍላትን ለመልመድ ሁለት ሳምንት የጉስታቭ ሆልስትን «ጁፒተር» የመሃል ዜማ አስቀድሙ፤ እሱም በዚሁ ኪ ነው። ሆልስት የለንደን የሴቶች ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ነበር፤ ጁፒተር ያለበትን «ፕላኔቶች»ን እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1917 የጻፈው እያስተማረ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ዜማውን መጀመሪያ በአፋችሁ አዚሙ፦ ሚ ሶል ላ፣ ዶ ሲ ሶል፣ ዶ ሬ ዶ ሲ ላ፣ ሲ ላ ሶል ሚ። እዚህ ሲ የምለው የዶ ሬ ሚ ሰባተኛውን ድምፅ ነው፤ በኢ ፍላት ዲ ላይ ይውላል፣ የሲ ሜጀሩ ሲ (C) አይደለም። ከሲ በቀር ሁሉም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ክራር የነካ ልጅ ግማሹን ሳይማር ያውቀዋል፤ ጣቱ የሚስተው ሲ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲን ለብቻው አጥኑት። ኦርኬስትራው ዜማውን የሚጀምረው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሆነ እናንተም ከመሃል ሲ (C) አካባቢ ጀምሩ፤ ወደ ላይ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ናምሩድ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ወደ ታች የሚያበቃው ከመሃል ሲ (C) ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው (ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ አንድ ኦክታቭ ነው)። ባሱ በኦክታቭ ተጽፎ የታችኛው ኖታ ከቁልፎቹ ካለፈ የላይኛውን ብቻ ምቱ። ምንም አይጎድልም፤ የሚጎዳው በዜማውና በባሱ መካከል ያሉትን ድምፆች እየደፈጠጡ ባሱን መርሳት ነው። እኔ የማስጠናው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ዜማው ብቻ፣ ከዚያ ዜማና ባስ፣ በመጨረሻ የመሃሉ። ኪቦርዳችሁ የጣት ክብደት የማይለይ ከሆነ ደግሞ ይኸው ቅደም ተከተል ያድናችኋል። መጀመሪያው ላይ የመሃል ድምፆችን ቀንሱ፣ ሙዚቃው ሲያድግ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ጉልበቱ ከድምፆቹ ብዛት ይመጣል።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ቀኝ እጅ ላይ ነው። በቀኝ እጃችሁ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት ያዙ፤ ትንሿ ጣት ኢ ፍላት ላይ ትሁን። ኢ ፍላትን ብቻዋን ምቱና ሳትለቁ ሌሎቹን ሁለቱን ቶሎ ቶሎ፣ በስሱ ንኩ። አሥር ጊዜ። ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ ምቱ፣ ግን የእጃችሁን ክብደት ወደ ትንሿ ጣት አዘንብሉት። ላይ ያለችው አውጪ ናት፣ ሌሎቹ ተቀባይ፤ ተቀባይ አውጪን አይሸፍንም። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዬ ለሦስት ሳምንት ይህችን ብቻ ሠርታ፣ አንድ ቀን ዜማው ከኮርዱ ተለይቶ ሲወጣ ስትሰማ እጇን አንሥታ ዝም ብላ ቁልፎቹን አየች። እኔም ዝም አልኩ።

ዜማው ከፍ ካለበት ድንገት የሰባት ኖታ ያህል የሚወርድባቸው ቦታዎች አሉ። ጣት በቀላሉ ይዘላቸዋል፤ ድምፃችሁ ግን አይዘላቸውም። አዚሟቸው፣ ጉሮሯችሁ የሚፈልገውን ጊዜ ለጣታችሁም ስጡት።

ፔዳሉን ከባሱ እኩል አትርገጡ። አዲሱ ባስ ሲመታ አንሡ፣ ድምፁ ከተሰማ በኋላ መልሳችሁ ርገጡ። አንድ ነገር ደግሞ፦ በአንድ አዳራሽ ተማሪዬ እየተጫወተ መብራት ሄደ። እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ ሲጠብቅ መብራቱ መጣ፣ ኪቦርዱም ሲነሣ ፔዳሉ ተገለበጠ፤ ሲረግጥ ይቆረጣል፣ ሲለቅ ይንጫጫል። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ የፔዳሉን አቋም አይተው ነው የሚጀምሩት። መብራት ከሄደ እግራችሁን አንሡ፤ ከተገለበጠም አጥፍታችሁ፣ ሳትረግጡ አብሩት።

ፍጥነቱን ኤልጋር በደቂቃ 52 ምት ብሎ ጽፎታል። ብዙ ኦርኬስትራዎች ከዚህ ያዘገያሉ፤ እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1926 ያስቀረጸው ግን ከእነሱ ፈጠን ያለ ነው። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ጭናችሁ በ52 ተራመዱ፤ መታጠፊያዎቹ ላይ ትንሽ መዘግየት ይፈቀዳል፣ መተኛት ግን አይፈቀድም።

መጨረሻው ላይ ሁሉ ነገር ጣራ ከነካ በኋላ በጥቂት ባር ውስጥ ድምፁ ይወድቃል። ለዚህ ጉልበታችሁን ቀድማችሁ አትጨርሱ። የመጨረሻው ኮርድ ላይ እጃችሁ ቁልፎቹ ላይ ይቆይ፣ ሦስቱን ምት በልባችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ እጅና ፔዳል አብራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ።