ሊኑክስ ከእንቅልፍ ሲነቃ ኔትወርኩ የሚዘገየው የት ላይ ነው?

የላፕቶፕዎን ክዳን ከፍተው የይለፍ ቃል ካስገቡ በኋላ የዋይፋዩ ምልክት ግማሽ ደቂቃ ያህል እየተሽከረከረ የሚያስጠብቅዎ ከሆነ፣ አንዳች ቅንብር ከመንካትዎ በፊት ጊዜው የት ላይ እንደሚባክን ይወቁ፤ መፍትሔው እንደ መዘግየቱ ቦታ ፈጽሞ ይለያያልና።

በኡቡንቱም ሆነ በፌዶራ ዴስክቶፕ ግንኙነቱን የሚመራው ኔትወርክ ማናጀር ነው። ኮምፒውተሩ ሊተኛ ሲል ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ ሲነቃ ደግሞ በአካባቢው ያሉ ዋይፋዮችን ይፈልጋል፣ በይለፍ ቃሉ ይገናኛል፣ ከዚያም ከራውተሩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ይጠይቃል፤ እያንዳንዱንም እርምጃ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ አስተኝተው ይቀስቅሱትና ተርሚናል ከፍተው በጆርናልሲቲኤል (journalctl -u NetworkManager) ትእዛዝ የኔትወርክ ማናጀርን መዝገብ ብቻ ለይተው ያንብቡ። ከ«ፕሪፔር» ወደ «ኮንፊግ»፣ ከዚያ ወደ «አይፒ ኮንፊግ»፣ በመጨረሻም ወደ «አክቲቬትድ» መሸጋገሩን የሚናገሩ መስመሮች ያገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለውን የሰዓት ልዩነት ያስሉ። አንድ ላፕቶፕ ላይ «አይፒ ኮንፊግ» 08:14:09 ላይ ተጽፎ ቀጣዩን እርምጃ ያገኘሁት 08:14:36 ላይ ነበር፤ ዋይፋዩ ቀድሞ ተገናኝቷል፣ 27 ሰከንዱ ያለቀው አድራሻ በመጠበቅ ነው።

እንዲህ ሲሆን አስቀድሜ የማየው የማክ አድራሻውን፣ ማለትም ራውተሩ የኔትወርክ ካርዱን የሚለይበትን መታወቂያ ነው። በግንኙነቱ ቅንብር «ክሎንድ ማክ አድሬስ» የሚለው «ራንደም» ላይ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በተገናኘ ቁጥር ለራውተሩ አዲስ እንግዳ ይሆንበታል፤ የቀድሞ አድራሻውን መልሶ አያገኝም፣ ራውተሩ የሚያድላቸው አድራሻዎች ጥቂት ከሆኑም ሊያልቁ ይችላሉ። «ስቴብል» ቢያደርጉት ለዚያ ግንኙነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማክ ይጠቀማል፣ እውነተኛውንም አይገልጥም። ኔትወርክ ማናጀር በነባሪው አድራሻ እስኪሰጠው 45 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ይህን ቁጥር ማሳጠር ግን አልመክርም፣ ሙከራውን ቶሎ ያቋርጠዋል እንጂ ራውተሩን አያፈጥነውም።

ክፍተቱ ከ«ፕሪፔር» በፊት ከሆነ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መዝገብ ይመልከቱ። የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር (ሊኑክስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ወይም ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) ስሕተት ካሳየ ሁለቱንም ያሻሽሉ። ኮምፒውተሩ በነቃ ቁጥር ኔትወርክ ማናጀርን እንደገና የሚያስነሣ ስክሪፕት መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ምክንያቱን ይሸፍናል፤ ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ይጠቀሙበት።

በኬብል የሚገናኝ ኮምፒውተርም «አይፒ ኮንፊግ» ላይ ሊቆም ይችላል። መዘግየቱ ሁልጊዜ ወደ 30 ሰከንድ የሚጠጋ ከሆነ ስዊቹን (ኬብሉ የሚሰካበትን የኔትወርክ ማከፋፈያ) ይጠርጥሩ፤ መረጃ በኔትወርኩ ውስጥ ዙሪያ ገጥሞ እንዳይሽከረከር የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው አሠራር አዲስ የተነሣ ፖርትን (የኬብል መሰኪያን) በነባሪው 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ 15 ሰከንድ ደግሞ ሲማር ያቆየዋል። የኔትወርኩ አስተዳዳሪ በዚያ ፖርት ላይ ይህን ጥበቃ የሚያስቀረውን ፖርትፋስት የተባለ ቅንብር እንዲያበራልዎ ይጠይቁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀየር ነገር የለም።