የቆየ ዘፈን ከየትኛው የሕዝብ ዜማ እንደተቀዳ ለመመርመር

በድሮ ካሴቶች ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ፍለጋው የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ዘፈኑ የየትኛው አገር እንደሆነ፣ ለሠርግ ይሁን ለአዝመራ ወይስ ለለቅሶ ይባል እንደነበር ጽሑፉ አይነግረንም።

በመጀመሪያ ግጥሙን በሙሉ በወረቀት ያስፍሩ፤ አዝማቹንም (እየተደጋገመ የሚመለሰውን ክፍል) ከስንኞቹ ይለዩ። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ልየታ ነው፤ ምክንያቱም በቃል ግጥማችን መንቶ (ሁለት ሁለት መስመር ያላቸው) ስንኞች ከዜማ ወደ ዜማ እንደ ልብ ስለሚዘዋወሩ፣ አንድ አዝማሪ ትናንት በሠርግ ቤት ያወረደውን ስንኝ ዛሬ በሌላ ዘፈን ውስጥ ቢያስገባው ማንም አይገረምም። አንድ ስንኝ በጎጃም ስለተገኘ ብቻ ዘፈኑ የጎጃም ነው ማለት አይቻልም። አዝማቹ ግን ከዜማው ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ በውስጡ የወንዝ ስም ወይም ዛሬ የማይነገር ቃል ካለ እሱን አጥብቀው ይያዙ።

ቀጥሎ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የተመሠረተበትን የድምፆች አደራደር፣ ይለዩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ? ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ቢሆኑም በባቲ ቅኝት የተዜመ ሁሉ ከባቲ አልመጣም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ግጥም በሌለበት አካሄዱን ማዳመጥ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን (የጦረኞችን የጀግንነት ዜማ) በሳክስፎን ሲጫወት አንድም ቃል የለም፤ ሆኖም በቋሚ ምት ያልታሰረውን፣ እየተወረወረ የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው የፉካሪውን ጉሮሮ ያውቀዋል።

በመጨረሻ አዛውንቶችን ይጠይቁ። የታወቀውን ቅጂ አስቀድመው አያሰሟቸው፤ የዘፋኙን ስም ብቻ ይነግሩዎታልና። አዝማቹን በራስዎ ድምፅ ያንጎራጉሩና «እማማ፣ ይሄን መቼ ነበር የምትሉት? አውራጁ ማን ነበር፣ ተቀባዩስ?» ይበሉ። ዘፈኑን ከሬዲዮ ተምረውት ሊሆን ስለሚችል፣ ሬዲዮ በአካባቢው ከመሰማቱ በፊት ያውቁት እንደነበር ለይተው ይጠይቁ። በቅጂው ላይ የሌለ ስንኝ ካወረዱልዎት ሳያቋርጡ ይቅዱት፤ ከካሴቱ ጋር የሚያስተያዩት ማስረጃ አገኙ ማለት ነው።