ክርስቲያን ሰፈር ለሚኖር ሙስሊም፦ ዓውዳመት እንዴት ይታለፋል

ፋሲካ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ክርስቲያን የሆነ ሙስሊም መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የስጋው ነገር ነው። መላው ቀድሞ መናገር ነው፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ እንጀራው ከተቆረሰ በኋላ "አልበላም" ማለት ሁለቱንም ወገን ያሳቅቃል፣ ከበዓሉ በፊት ቡና ላይ ግን "እትዬ እኔ ድፎ ዳቦውን ነው የምጠብቀው" ብትሉ በሳቅ ያልቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ለናንተ ብለው ዶሮ ገዝተው "ና ራስህ እረድ" ይላሉ፣ ሂዱ እረዱ፣ ድስቱና ቢላው ለብቻ መሆኑን ግን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ጠላ ሲቀዳ "ለስላሳ ካለ" በቂ ነው፣ ማብራሪያ ውስጥ አትግቡ።

"እንኳን አደረሳችሁ" ይባላል አይባልም የሚለው ላይ ዑለማዎችም ይለያያሉ፣ የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ። ጠዋት ዘለቅ ብሎ ቡና መጠጣት ግን ማንንም የሚያጣላ አይመስለኝም።

ብድር ስትመልሱ ካላንደር እዩ! በ2017 ኢድ አልፈጥር የዋለው ሁዳዴ ውስጥ ነበር፣ እና የስጋ ሳምቡሳ ይዞ የጾመኛ በር ማንኳኳት ምን የሚሉት ነው? የምስር አድርጉት፣ በዘይት፣ ቅቤ ሳይነካው። ረቡዕና አርብም ያው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ሲቀሩ።

ሌላው ትራንስፖርት ነው፣ መስከረም 16 ደመራና ጥር 10 ከተራ መንገድ ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዙ፣ የሰፈር ሱቅም ስለሚዘጋ ዳቦና ወተት ከዋዜማው ግዙ።